ክሬን ለመግዛት ከካዛንቺስ እስከ ሰንጋ ተራ

ሰው የጉዞ ማስታወሻ የሚጽፈው ላሊበላ ወይም ዱባይ ደርሶ ሲመለስ ነው። እኔ ከካዛንቺስ ተነስቼ፣ በለገሃርና በሜክሲኮ አድርጌ፣ ሰንጋ ተራ ደርሼ ነው የተመለስኩት። በታክሲ ቢኬድ ሻይ እስኪበርድ አያቆይም። እኛን ግን ቀኑን ሙሉ ፈጀብን፤ የወጣነው ታወር ክሬን ለመግዛት ነውና። ክሬን ሊገዛ የወጣ ሰው እያንጋጠጠ ስለሚሄድ ቶሎ አይደርስም።

"እኛ" ያልኩት እኔና ሙዲን ነን። ካዛንቺስ ውስጥ የሕንፃ መሣሪያ የምንሸጥበት ሱቅ አለን፤ ምስማር፣ የማሰሪያ ሽቦ፣ ቀለም፣ ቧንቧ፣ የበር ቁልፍ። ሸሪክ የሆንነው ሁለታችንም ፀጉር በነበረን ጊዜ ነው። እሱ ከስልጤ መጥቶ መርካቶ ያደገ፣ እኔ እዚሁ ቂርቆስ ተወልጄ ከዚህ ያልራቅሁ። እሱ ሒሳብ በቃሉ ይሠራል፣ እኔ በቃሌ እጠራጠራለሁ። ሱቁ እስከ ዛሬ የቆመው በነዚህ ሁለት ነገሮች ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሱቃችን በር ላይ ቆመህ ቀና ስትል፣ ፊት ለፊት ካለው ሆቴል ጀርባ የአንድ ታወር ክሬን አናት ይታያል። ሕንፃው በሆቴሉ ስለሚሸፈን አይታይም፤ የሚታየው ረጅሙ ቢጫ ክንድ ብቻ ነው። ሙዲን ደንበኛ በሌለበት ሰዓት ሁሉ እሱን ሲያይ ከረመ። ጠዋት ወደ ቦሌ ዞሮ ያገኘዋል፣ ከሰዓት ወደ እንጦጦ። "ወላሂ አንድ ቀን ቆሞ አላየሁትም" ይለኝ ነበር። እኔ ፍቅር ይዞት ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ። አንድ ቀን ግን አንድ ደላላ ሱቅ ድረስ መጥቶ ያ ክሬን ሊሸጥ ነው አለ።

ሙዲን ያን ዕለት ሒሳቡን ሠርቶ ጨረሰ። የወር ኪራዩ በአሥራ ሁለት ሲባዛ፣ እሱ ደግሞ በሦስት ሲባዛ፣ የክሬኑ ዋጋ ተመልሶ ይገባል። ከዚያ ወዲያ ያለው በቃ ትርፍ ነው። ዋጋውን አልጽፈውም፣ ይቀየመኛል። የሱቅ ድርሻውን ለእኔ ሸጦ፣ እናቱና ልጆቹ የሚኖሩበትን ቤት ካርታ ባንክ አስይዞ፣ እንደምንም የሚሞላ ዋጋ ነው ብል ይበቃል። ደላላው ቀብድ እስከ ዛሬ ማታ ይፈልጋል። ቀብድ ደግሞ በእኛ ሰፈር ከሰጡት ሰጡት ነው፤ ሐሳቤን ቀየርኩ ብሎ መመለስ የለም።

"ወይ አብረን እንግባ" አለኝ ሙዲን ዛሬ ጠዋት፣ "ወይ ድርሻዬን ግዛኝና ልሂድ።"

መልሴን ማታ እነግርሃለሁ፣ እስከዚያ ግን አንድ ቦታ አብረኸኝ ሂድ አልኩት። ክሬን ገዝተው ያየናቸው አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ እትዬ ጽጌ። ድሮ ከሱቃችን ጎን ጣውላ ይሸጡ ነበር። አሁን ሰንጋ ተራ ናቸው።

ካዛንቺስ፣ ጠዋት

በማክሰኞ ቀን ሱቅ ቆልፈን ስንወጣ ያየን ጎረቤታችን ፀጉር ቆራጭ፣ ማን ሞተ ብሎ ጠየቀ። ገና አልለየም አልኩት።

ሰፈራችን አምሯል። መንገዱ ሰፍቷል፣ ለእግረኛ ሰፊ መሄጃ ተሠርቷል፣ መብራቱ ተደርድሯል፣ ቁጭ የሚሉበት ወንበርም አለ። ቁጭ ብሎ የሚያወራ ሰው ግን ቀንሷል። ስንቱ ደንበኛችን ቤቱ ፈርሶ ራቅ ያለ ቦታ ገብቷል። የድሮ ደንበኛ ዛሬም አንዳንዴ ሁለት ታክሲ ይዞ መጥቶ አንድ የበር ቁልፍ ይገዛናል። ቁልፉ እዚያም አለ። የሚመጣው እንደለመደው ሙዲንን ሊሰድብ ነው።

ታክሲ ውስጥ ረዳቱ ሒሳብ ሲል ሙዲን ቀድሞ ለሁለታችን ከፈለ። ክሬን ሊገዛ የተነሳ ሰው ለጋስ ነው። እስታዲየምን እስክናልፍ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ሕንፃ ሲቆጥር፣ አጠገቡ የተቀመጡ ሴትዮ ሊያስመልሰው መስሏቸው ፌስታል አቀበሉት።

ለገሃር

ለገሃር ወርደን ከድሮው ባቡር ጣቢያ ማዶ አንዲት ጭማቂ ቤት ገባንና ስፕሪስ አዘዝን። ከጣቢያው ጀርባ አዳዲስ ፎቆች ቆመዋል። ሙዲን እነሱን እያየ ይጠጣል እንጂ የሚጠጣውን አያየውም። ገና ብርጭቆው ሳይጋመስ ደላላው ደወለ። ሌላ ገዢ አለ አሉ። ጠዋት ከቤት ሳይወጣም ደውሎ ይህንኑ ነግሮታል።

ሐሳቤን እዚያ ነገርኩት። አንተ የያዝከው ዓመት አሥራ ሁለት ወር ያለው ዓመት ነው፤ እንዲህ ያለ ዓመት በግንባታ አይቼ አላውቅም አልኩት። ክረምት አለ። ሲሚንቶ የሚጠፋበት ጊዜ አለ። ፌሮ ብረት ወደብ ላይ የሚቀርበት ጊዜ አለ። የሕንፃው ባለቤት ገንዘብ አልቆበት ስልኩን የሚያጠፋበት ጊዜማ ከሁሉ ይረዝማል። ክሬን ብቻውን ሥራ የለውም፤ ሌሎች ሲሠሩ ነው የሚሠራ። ከሌሎቹ አንዱ ሲቀር ቆሞ ይጠብቃል። ክሬኑ ይጠብቅ፣ ባንኩ ግን አይጠብቅም።

"አንተ ደግሞ ሁልጊዜ ክረምት ነው የሚታይህ" አለኝ።

"ምስማር የምሸጥ ሰው ነኛ። ምስማር ክረምትም ይሸጣል፣ ሰው አጥሩን ይጠግናል።"

የብሎኬቱን ጊዜም አነሳሁበት። ብሎኬት የጠፋበት ሰሞን ነበር። ደንበኛ ጠዋት ተሰልፎ፣ ያልደረቀ ብሎኬት ሳይቀር እያስጫነ ይሄድ ነበር። ያን ጊዜ በመንገዳችን ላይ ትንሽ ግቢ ያለው ሁሉ የብሎኬት ማሽን አዘዘ። ሲያዝዝ ግን ሌላውም እያዘዘ መሆኑን ማንም አላሰበም። ማሽኑ ባሕር አቋርጦ፣ ጉምሩክ አልፎ እስኪደርስ ጊዜ ይፈጃል፤ ሲደርስ ደግሞ የሁሉም አብሮ ደረሰ። ከዚያ በኋላ ብሎኬት ገዢ እየተለመነ ነው የተሸጠ። በጥጋብ ጊዜ የሚገኘውን ትርፍ ያየ ሁሉ ያንኑ ማሽን ያመጣል፤ ትርፉን የሚበላውም የመጣው ማሽን ነው። ክሬን ደግሞ ብሎኬት ማሽን አይደለም፣ በሸራ ሸፍነህ ግቢህ ጥግ የምታስቀምጠው።

ሙዲን ብሎኬትና ክሬን አንድ አይደሉም አለ። ልክ ነው፣ አንድ አይደሉም። ከዚያ የኔን ስፕሪስም ጠጣው።

ሜክሲኮ

ከለገሃር ሜክሲኮ በእግራችን ሄድን። የሙዲን ፍላጎት ነው፤ ከታክሲ ውስጥ በደንብ አይታይም አለ። ሜክሲኮ ያው ሜክሲኮ ነው። ረዳቶቹ ይጣራሉ፣ ካልሲና ቻርጀር ሻጩ መንገዱን ይዞታል፣ የቢሮ ሰው ባጅ አንጠልጥሎ ይሮጣል። በዚያ ሁሉ ሰው መሀል ሙዲን ቆሞ ወደ ሰማይ ጣቱን ቀሰረ።

"ያ ይዞራል። ያም ይዞራል። ያ በባንኩ በኩል ያለው፣ ተመልከት፣ ይዞራል። ሥራ የለም ትለኛለህ፣ ይኸው ከተማው ሙሉ እየዞረ ነው።"

አየሁ። እውነት ነው፣ ይዞራሉ። እንዲያውም ሁሉም ክንዳቸውን ወደ አንድ ጎን አድርገው ነው የቆሙት፤ መንገድ ላይ ጠብ ተነስቶ ሰው ሁሉ ወደዚያው እንደሚያይ። ይህ ምን ማለት ነው አልኩት። ሥራ በዝቶ ነው አለ። ደላላው እዚያም ደወለ። ሌላው ገዢ ገንዘቡን ይዞ መንገድ ላይ ነው አሉ።

ሰንጋ ተራ

የእትዬ ጽጌ ቁርስ ቤት ከአንድ ኮንዶሚንየም ሥር ናት። ባለ አራት ጠረጴዛ ናት፤ ፍርፍሩ ግን የትልቅ ቤት ነው። ሲያዩን ፊታቸው በራ። ሙዲንን በሁለት እጃቸው ጉንጩን ይዘው፣ አንተ አሁንም አልወፈርክም ብለው ተቆጡት። እኔን ወፍረሃል ብለው ተቆጡኝ። ከዚያ ሳንጠየቅ እንቁላል ፍርፍር መጣ፣ ሻይ መጣ፣ ተጨማሪ እንጀራ መጣ።

ከበራቸው ፊት ለፊት ያላለቀ ሕንፃ አለ። ግድግዳ የለውም፣ የየፎቁ ወለል፣ ሶሌታው ብቻ፣ እንደ መደርደሪያ ተደራርቧል። ከመካከሉ ክሬን ወጥቷል። የሳቸው ነው። ቁርስ ቤቷን እዚህ የከፈቱት እሱን ለመጠበቅ እንደሆነ ይናገራሉ። ልጁን ትምህርት ቤት አድርሶ በር ላይ ቆሞ እንደሚጠብቅ ወላጅ ነኝ፣ ልጄ ግን አልወጣ አለ ይላሉ።

ሙዲን ጎንበስ ብሎ በበሩ ወደ ላይ አየና እጁ ላይ ያለውን ጉርሻ ረሳው። ክንዱ ቀስ ብሎ እየዞረ ነበር።

"እትዬ፣ ሥራ ጀመረልዎት እንዴ?"

"ማን?"

"ክሬንዎ። እየዞረ ነው'ኮ።"

እትዬ ጽጌ ዞረው ሳያዩ ሻዩን ቀዱለት።

"ነፋስ ነው ልጄ። ሥራ ሲያቆም ፍሬኑን ይፈቱታል። ታስሮ ከቆመ ነፋሱ ይጥለዋል፣ ከተፈታ ግን ነፋሱ ወደወሰደው ይዞራል። ሦስት ክረምት እንዲህ ይዞርልኛል። አንድ ባልዲ አሸዋ አላነሳም።"

ሙዲን ጉርሻውን ሳህኑ ላይ መለሰው። እኔ ደግሞ ሜክሲኮ ላይ ወደ አንድ ጎን የዞሩት ክሬኖች ወዲያው ትዝ አሉኝ። ለካስ ሁሉንም የሚያዛቸው ያው ነፋስ ነው። የሚሠራ ክሬንማ እያንዳንዱ በራሱ ጉዳይ ነው የሚዞረው፣ ለምን ከጎረቤቱ ጋር ይስማማል?

"ታዲያ የሚሠራና የማይሠራው በምን ይለያል?" አለ ሙዲን፣ ድምፁ አንሶ።

"መንጠቆውን ነዋ የምታየው። ወርዶ የሚወጣ ከሆነ ሰው ይከፍልበታል። ክንዱንማ ነፋስ በነፃ ያዞረዋል።"

ከዚያ ታሪኩን ነገሩን። የጣውላ ግቢያቸውን ሸጠው ነው የገዙት። የመጀመሪያው ዓመት ኪራዩ ሳይዘገይ ገባ፤ ያን ዓመት እንቅልፍ አጥተው ነበር፣ ሁለተኛ ክሬን በማሰብ። ከዚያ የሕንፃው ባለቤት ብድሩ ቆመበት። ትንሽ ይጠብቁኝ አላቸው። ጠበቁ። ሌላ ቦታ ወስደው እንዳያከራዩት፣ የክሬኑ እግር በሊፍቱ ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ ለማውረድ ሌላ ትልቅ ተንቀሳቃሽ ክሬን መከራየት፣ መንገድ ማስዘጋት፣ ባለሙያ መጥራት አለ። ሌላ ሥራ ተገኝቶ ቢሆን ይህን ያወጡት ነበር፤ ግን የሳቸው በቆመበት ሰሞን የሌላውም ሰው ክሬን ቆሞ ነበር።

"መትከያውን አስቤ ነው የገባሁት" አሉ። "ማውረጃውን አላሰብኩም። ደግነቱ በራሴ ገንዘብ ነው የገዛሁት፣ ስለዚህ እኔ ቁጭ ብዬ አየዋለሁ። በባንክ ገንዘብ ቢሆን ባንኩ ነበር ቁጭ ብሎ እኔን የሚያየኝ።"

ሙዲን ወደ እኔ አላየም። የቤቱ ካርታ ትዝ እንዳለው አወቅሁ።

እዚህ ላይ ሥራዬን የጨረስኩ መስሎኝ ነበር። ሰውየው ገብቶታል፣ ፍርፍሩ አልቋል፣ ወደ ቤት ነው። እትዬ ጽጌ ግን ጠረጴዛውን እየጠረጉ፣ እንደ ቀልድ፣ እናንተ ከፈለጋችሁ ይሄንን ውሰዱት አሉ። ዋጋም ጠሩ። የካዛንቺሱ ክሬን ከሚጠየቅበት ግማሹን አይሞላም።

ርካሽ ዋጋ ሲጠራ ጆሮዬ ይቆማል፣ የኖርኩበት ሥራ ነው። ወዲያው በልቤ መደመር ጀመርኩ። ሰው ሁሉ በጥጋብ ጊዜ በውድ ይገዛል፤ ብልህ ከሆንክ ሁሉም በጠላው ጊዜ ነው የምትገዛው። አዲስ ክሬን ዛሬ በዶላር ነው የሚመጣ፣ ስለዚህ ያለው ይወደዳል እንጂ አይረክስም። ሕንፃው አንድ ቀን ያልቃል። ለሙዲን ስነግረው የዋልኩትን ሁሉ ረስቼ፣ ትንሽ ወረድ ይሉልናል ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው።

ሙዲን ከጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠኝ።

"ግርሜ፣ ያንን ፊትህን አውልቅ" አለ። "ጠዋት እኔ ለብሼው የወጣሁት ነው።"

"አይ፣ ማለቴ ዋጋው..."

"ዋጋውን ሰማሁ። በየት በኩል ነው የምታወርደው?"

ይዞኝ ወጣና አሳየኝ። በግራ ሌላ ኮንዶሚንየም ነው። በቀኝ አምና የቆመ አዲስ ፎቅ ነው፣ ተጠግቶ ሊነካው ምንም አልቀረውም። በፊት ለፊት አዲሱ መንገድ፣ አዲሱ ንጣፍ፣ አዲሱ የመብራት ምሰሶ። የሚያወርደው ክሬን የሚቆምበት የለውም። ሕንፃው እስኪያልቅ ድረስ መጠበቅ ነው፤ እስከ መቼ ሲባል ባለቤቱም አያውቀውም። ሙዲን ይህን ሁሉ ሲናገር አልተቆጣም፣ አልሳቀብኝም። እኔ ጭማቂ ቤት ውስጥ እንዳስረዳሁት አድርጎ ነው ያስረዳኝ፤ ከእኔ ይልቅ ባጭሩ።

"ርካሽ የሆነው'ኮ መጠበቅ ለሚችል ሰው ነው" አለ። "አንተ መጠበቅ ትችላለህ? ሻይ እስኪቀዳልህ አትጠብቅም።"

ምናልባት የሚገዛው ይኖራል። ተኝቶ የማይከሳ ገንዘብ ያለው፣ ከነዚህ ፎቆች አንዱን ራሱ የሚሠራ፣ መጥፎውን ዘመን በሌላ ገቢ የሚያሳልፍ ሰው። ለእሱ ይኼ መልካም ግዢ ነው፣ ለእትዬ ጽጌም ይምጣላቸው። እኛ ግን ከሱቃችን ሌላ የለንም።

እትዬ ጽጌ ሒሳብ አልቀበልም አሉ። ሙዲን ብሩን ከሳህኑ ሥር ሸጎጠ፤ ታክሲ ውስጥ ስንገባ ኪሱ ውስጥ አገኘው። እንዴት መልሰው እንደከተቱበት እስከ አሁን አልገባንም።

ከሆቴሉ ጀርባ

ካዛንቺስ ስንደርስ ፀሐይ ዘቅዝቃ ነበር። ሙዲን ወደ ሱቁ አልታጠፈም። ሆቴሉን ዞረን ሄድን። ከሱቃችን በር እስከዚያ ድረስ ሁለት ቅያስ ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ዓይኑን ወደዚያ ሲልክ እግሩን አንድ ቀን አልላከውም። እኔም አልላክሁም፤ ሰውን የሚያዘናጋው ነገሩ አለመታየቱ ሳይሆን ቅርብ መሆኑ ነው።

ግቢው በቆርቆሮ ታጥሯል። አንዱ ቆርቆሮ ተገንጥሎ ስለነበር በዚያ አጮለቅን። የአሸዋው ክምር ላይ ሣር በቅሏል። ፌሮው ዝጎ ቀይ ሆኗል፤ ጥበቃው ሸሚዙን አጥቦ አስጥቶበታል። ከላይ ቢጫው ክንድ ቀስ ብሎ ይዞራል። መንጠቆው እስከ ላይ ተሰብስቦ ከክንዱ ሥር ተጣብቋል፣ አንዲት ርግብ ቢጤ ጎጆ ሠርታበታለች።

ሙዲን ግንባሩን ቆርቆሮው ላይ አስደግፎ ቆየ። እንዲህ ባለ ሰዓት ነግሬህ ነበር ማለት ይጣፍጣል፣ ግን ከሰንጋ ተራው በኋላ አፌ ተዘግቷል።

ደላላው ደወለ። ሙዲን የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎ እንድሰማ አደረገ። ሌላው ሰውዬ ቀብዱን እያወጣ ነው፣ አሁን ወስን አለ ደላላው።

"እኔስ ይቅርብኝ" አለ ሙዲን። "ለዚያ ሰውዬ ግን አንድ ነገር ንገርልኝ። ከመክፈሉ በፊት በሆቴሉ ኋላ ዞሮ መንጠቆውን ይይ። እሺ? መንጠቆውን። ካልነገርክልኝ ቁጥሩን ስጠኝና ራሴ እነግረዋለሁ።"

ደላላው መስመሩን ዘጋ።

"አንተ ሞኝ" አልኩት፣ "ሌላ ገዢ'ኮ የለም። ሲፈጥረውም የለም።"

"ካለስ?" አለኝ።

ቆርቆሮውን ወደ ቦታው መለስኩት። ካለ አለ ነው።

ቤት

ከዚህ ጉዞ ያመጣሁት ብዙ አይደለም። ትልቅ ገንዘብ ተክሎ የሚሠራ ሥራ በደህናው ዓመት ስንት ያስገባል ብሎ መጠየቅ ቀላል ነው፤ ደላላውም የሚመልሰው እሱን ነው። የሚከብደው ሌላው ጥያቄ ነው፤ በክፉው ዓመት ማን ይቀልበዋል፣ አልሆነም ቢባል በየት በር ይወጣል፣ እኔ ስገዛ ስንት ሰው ደግሞ እየገዛ ነው የሚለው። የደህናውንና የክፉውን ዓመት ደምሮ ያልመዘነ ሰው ግማሽ ሚዛን ነው የያዘው። ከዚህ በተረፈ፣ የራስህን ስስት የሚያይልህ ሰው አጠገብህ ቢኖር ከሒሳብ ይበልጣል። እኔ ይህን ሰው ዛሬ ማታ ልሸኘው ነበር።

ባለቤቴ ቀኑን ሙሉ የት እንደዋልን ስትጠይቀኝ ሁሉንም ነገርኳት። ክሬኑ ብዙም አልገረማትም። እጇን እየታጠበች አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

"ነገ ሱቁን ማነው የሚከፍተው?"

"ሙዲን ነው" አልኳት። "እኔ ትንሽ ልተኛ።"